የእናቴ ክንድና የየማለዳው መርፌ

ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። በስደት በምኖርባት ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ፣ ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ቆሜ ዕቃ ሳሽግ አድሬ፣ ጠዋት በቀጥታ እናቴ ወደ ተኛችበት ሆስፒታል እነዳለሁ። እግሬ ከጫማዬ በላይ አብጦ።

የያዛት የሳንባ ምች ነበር። ትኩሳቱ ከለቀቃት በኋላም በየማለዳው አንዲት ደም ቀጂ ልጅ እየመጣች ለምርመራ ደሟን ትቀዳለች። ክንዷ በልዞ በልዞ ቀይ ሥር መስሏል።

«እማዬ፣ አያምሽም?»

«ያማል እንጂ። ግን ልጅቷ ሥራዋ አይደል? እንዴት ባዶ እጇን እመልሳታለሁ?» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ሰብስበው ሌላ እኔን ሊሠሩ ነው መሰለኝ።»

ማክሰኞ ዕለት ዶክተሩ ውጤቷ ጥሩ ስለሆነ የነገው የደም ምርመራ ይቅር ሲል፣ ሾፌሩ ታላቅ ወንድሜ ተቆጣ። «ችላ ልትሏት ነው? በየቀኑ ቼክ ትደረግ» አለ። አገር ቤት ምርመራ ማለት ለምነን፣ ወረቀት ይዘን ላብራቶሪ ለላብራቶሪ ሮጠን የምናገኘው ነገር ነበር። ብዙ መመርመር ብዙ መታከም ይመስለናል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አጠገቡ ቆሜ ራሴን በስምምነት ነቅንቄያለሁ።

ዓርብ ትወጣለች ተብሎ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ አዞራትና ግድግዳውን ያዘች። ነርሷ ያገራችን ልጅ ነች፤ ውጤቱን አየችና ወደ ወንድሜ ዞረች።

«ጋሼ፣ የደማቸው መጠን ወርዷል። ከሕመሙም ነው፣ ከምንቀዳውም ነው። እንዲህ ከቀጠለ ነገ አይወጡም።»

«ታዲያ ለምን በየቀኑ ትቀዳላችሁ?»

«እርስዎ ይቀጥል ስላሉ ነዋ። የሌላው ምርመራ ውጤት እኮ ካለፈው ቀን አይለይም።»

ወንድሜን ከኀፍረት ያዳነችው እናቴ ናት። «ተዪው ልጄ፣ እሱ ድሮም በር ቆልፎ ሦስቴ ተመልሶ የሚነካ ነው» አለች። ሳቅን፤ ሳቁም ደከም ያለ ነበር።

ዓርብ ማለዳ ደም ቀጂዋ ጋሪዋን እየገፋች ገባችና አራት ባዶ ብልቃጥ ደረደረች። እናቴ እንደ ልማዷ ክንዷን ዘረጋች። ወንድሜ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ሁሉም ያስፈልግ እንደሆነ መጀመሪያ ዶክተሩን እንድትጠይቅልን ለመናት። ሄዳ ተመለሰችና ከአራቱ ብልቃጥ አንዷን ትንሿን ብቻ ቀዳች። የደሟ መጠን ከትናንቱ አልወረደም። ከሰዓት በኋላ መውጣት ትችላለች ተባልን።

ወንድሜ የሹራቧን እጅጌ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ሳበላትና፣ መኪናውን በሩ ላይ ሊያቆም ወረደ።