የማሪቬል ፓስፖርት

በፈረንጆቹ 1996 ሰብስቤ አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከተማ ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ ጠዋት ሚነርቫ ፓርክ የሚባል ሰፈር ተጠርቶ ሲደርስ፣ አንዲት እመቤት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛዋን ማሪቬልን አሳፈረችና የሠራተኛዋን ፓስፖርት ለእሱ ሰጠችው።

«ኤርፖርት ሳትደርስ እንዳትሰጣት!»

ከዚያም በራሷ መኪና ተከተለቻቸው።

ማሪቬል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስለምታደርስብኝ በደል በስልክ ጠበቃ ማናገሬን ስላወቀች ነው ወደ አገሬ የምታባርረኝ» አለችው።

ሰብስቤ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። እመቤቲቱ ለአለቆቹ ከከሰሰችው ከሥራው መባረሩ ነው። ቢሆንም ፓስፖርቱን አቀበላት።

«ያንቺ ነው፣ እህቴ። የት ላድርስሽ?»

«ያናገርኳት ጠበቃ ጋ።»

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የትራፊክ መብራቱ ቢጫ ሲሆን ነድቶ አለፈ፤ እመቤቲቱን ቀዩ ያዛት።

ማሪቬል እመቤቲቱን ከሰሰች። ሰብስቤ ለምስክርነት ሲጠራ በእመቤቲቱ አቤቱታ ከሥራ ከተባረረ ወር አልፎት ነበር፤ ፍርድ ቤት ግን ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ።