በማመልከቻ የሞተችው ሻዲያ

ዋጊህ በደመንሁር ከተማ ፍርድ ቤት በር ላይ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ሲጽፍ እንባ የሚባል ነገር ወረቀቱን ነክቶት አያውቅም። ቀን፣ ቁጥር፣ ሜትር፣ የምስክር ስም፤ በቃ። "ሹም የሚያምነው የሚለካ ነገር ነው" ይላል።

አንድ ጠዋት ከባቄላ ሻጩ ዘንድ ቁርሱን ይዞ ዞር ሲል ከሻዲያ እናት፣ ከኡም ሻዲያ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የቄራው ደም በደጇ ባለው ክፍት ቦይ እየፈሰሰ አላስቀምጥ ብሏት፣ አምና ሦስት ማመልከቻ የጻፈላት እሱ ነው።

"ቦዩ ከምን ደረሰ?"

"ሊደፍኑት ነው፣ ኡስታዝ።"

"አላልኩሽም? አርባ ሁለት ቤት፣ ስፋቱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ብዬ…"

"የእርስዎ አይደለም" አለች አንገቷን ደፍታ። "ሩሽዲ የጻፈው ነው።"

ሩሽዲ ማዶ ካለው ጥላ ሥር የሚጽፈው ተፎካካሪው ነው። ግልባጩን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችው። "አበባዬ ሻዲያ በቄራው ክርፋት ተቀጥፋ አፈር ለበሰች፤ አንጀቴ አረረ…" እዚያ ላይ አቆመ። የያዘውን ዳቦ አስቀመጠው።

"ልጅቷ ሞተች እንዴ?"

"ምን ትሞታለች፤ ቤት ሽንኩርት እየላጠች ነው። የገደላት ሩሽዲ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ አንብቦ አለቀሰ አሉ። አሁን ለፋይሉ የሞት ወረቀት አምጪ ይለኛል። ካላመጣሁ ውሸታም ተብዬ ቦዩ እንደተከፈተ መቅረቱ ነው።"

"ይሄ ጽሑፍ ነው? ትውከት እንጂ" አለ ዋጊህ። "በሕያው ልጅ ሬሳ መነገድ።"

"ይርገሙት ግዴለም፣ ብቻ ይጻፉልኝ። ኃላፊው የእርስዎን ሦስቱንም አላነበበም። እፊቴ ነው ያዛጋባቸው።"

ይህ ከሩሽዲ ውሸት ይልቅ ጎመዘዘው። ወደ ጠረጴዛው ወስዶ አስቀመጣትና የጽሕፈት መኪናውን ወረቀት አጎረሰ።

"የልጅቷን ኑሮ ንገሪኝ። እውነቱን ብቻ።"

"ምን ልበልዎ… እራቷን ጣሪያ ላይ ወጥታ ነው የምትበላ። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ታስርና፣ ለጉርሻ ብቻ ከፈት አድርጋ መልሳ ትሸፍናለች። እንዲያም ሆኖ ያስመልሳታል። ሊያጯት የመጡት ሻያቸውን ሳይጨርሱ ነው የሄዱት።"

ዋጊህ ጻፈ፦ ሻዲያ አልሞተችም፤ የቀደመው ወረቀት ዋሽቷል። ቀጥሎ ጣሪያውን፣ ሻሹን፣ የተተወውን ሻይ። ከሥር አርባ ሁለቱን ቤትና ስልሳውን ሳንቲ ሜትር። ጣቶቹ እንዲህ ፈጥነው አያውቁም፤ ፍጥነቱ ራሱ አስጠላው።

ኡም ሻዲያ ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችና ተነሣች።

"ኡስታዝ፣ ይሄን አምና ጠይቀውኝ ቢሆን፣ ልጄን ማን ይገድላት ነበር?"