ጄኔሬተሮቹ ዝም ያሉ ዕለት

ባልደረቦቹ «ምሰሶ» ነው የሚሉት። ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ አንድ ቦታ ከቆመ ንቅንቅ አይልም፤ ወፍ ጎጆ ብትሠራበት ጫጩቶቹ እስኪበሩ ይታገሣል እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ወደ ዜና ጣቢያ የገባው በጥበቃነት ነበር። ገመድ እየጠቀለለ፣ መብራት እየያዘ፣ የሌሎቹን እጅ እያየ ነው ካሜራ የለመደው። አሁን ፀጉሩ ሸብቷል፤ ግን ዛሬም እንደ ጀማሪ በሥራው ይደነቃል።

አንድ ልማድ አለው። ሲቀርፅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ካሜራው ውስጥ የሚያየውን ሰው ሁሉ፣ ስሙን ባያውቀውም፣ «ጌታዬ፣ አደራህን» እያለ ለፈጣሪ ይሰጠዋል። ይህን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ስቱዲዮ ያሉት የእሱን ማይክ ዘግተው ሥዕሉን ብቻ ነውና የሚወስዱት።

ያን ዕለት በግንባታ ላይ የነበረ ሕንፃ ተደረመሰ። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተው ስለነበር ብዙ ሰው ተረፈ፤ አንድ ለሳኝ ግን የጀመርኩትን ግድግዳ ልጨርስ ብሎ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ወሬው እንደተሰማ የየጣቢያው መኪና ከነጄኔሬተሩ መንገዱን ሞላው። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ አለቃ፣ ድምፅዋ የጎረነነ ሴት፣ ጋዜጠኞቹን ሰብስባ ፍርስራሹ ገና እንዳልረጋ፣ ብዙ እግር ከረገጠው ሊንሸራተት እንደሚችል ነገረቻቸው። ዙሪያውን ከታጠረው ገመድ ወዲያ የሚያልፈው አንድ ካሜራ ብቻ ነው።

ጣቢያዎቹ በሌላው ቀን አይጥና ድመት ናቸው። ቢሆንም በመካከላቸው የቆየ ደንብ አለ፤ ቦታ ሲጠብ አንዱ ይቀርፃል፣ ሁሉም ይካፈላሉ። መታወቂያቸውን አንድ የብረት ቆብ ውስጥ ጨምረው ዕጣ ቢያወጡ የወጣው የምሰሶ ሆነ። የተፎካካሪው ጣቢያ ካሜራማን፣ በውፍረቱ «ዱባ» የሚባለው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«እንግዲህ ዛሬ ያለን ዓይን አንተ ብቻ ነህ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ ይሄን አፈር ደግሞ ቀስ ብለህ እርገጠው።»

ደንቡ አጭር ነው። በሥዕሉ ላይ የማንም ጣቢያ ዓርማ አይለጠፍም። ቀራጩ ለራሱ ጣቢያ አያደላም፣ አስተያየት አይሰጥም። የተጎጂ ፊት ቤተሰብ ሳይፈቅድ አይታይም። ሥዕሉና ድምፁ ከካሜራው ወጥተው በባትሪ የሚሠራ አንድ የጋራ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ ሁሉም እኩል በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ።

ምሰሶ ገብቶ ቆመ። ከጎኑ፣ ከገመዱ ጥግ፣ የለሳኙ ሚስት ነበረች። ምሳውን ይዛለት መጥታ ነው ይህን ያየችው፤ ሳህኑ በፌስታል እንደተቋጠረ እጇ ላይ ነው። አታለቅስም። ዓይኗን ከፍርስራሹ ሳትነቅል አናገረችው።

«ወንድሜ፣ እሱ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ነፍሱ ካለች ያንኳኳል። ዝም ካላችሁለት ይሰማል።»

አለቃዋም ይህንኑ ፈልጋ ኖሮ እጇን ወደ ላይ አነሣች። ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ሲሚንቶው ላይ ለጠፉ። ከመንገዱ የሚመጣው የጄኔሬተር ጉምጉምታ ግን አላሰማ አላቸው። አጥፉ ተብሎ ተላከ። የዜናው ሰዓት ደርሷል፤ ጄኔሬተሩን ያጠፋ ጣቢያ የራሱ ጋዜጠኛ ከስክሪን ይጠፋል፣ የሚቀረው የጋራው ሥዕል ብቻ ነው። ቢሆንም መጀመሪያ ዱባ ሮጦ የጣቢያውን አጠፋ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ጋዜጠኞች ዓረፍተ ነገራቸውን ሳይጨርሱ ጨለሙ።

አንድ ብቻ ቀረ። የምሰሶ ጣቢያ።

ምሰሶ አፈረ። ስልኩን አውጥቶ ለዋና አዘጋጁ ደወለ። አዘጋጁ ሌላው ሁሉ ሲጨልም እኛ ብቻ በርተን እንታይ፣ እንዲህ ያለ ዕድል መቼ ይገኛል፣ ትንሽ ደቂቃ ታገሠን አለው። ምሰሶ ካሜራውን ሳያንቀሳቅስ፣ በለሆሳስ መለሰለት።

«ልጄ፣ ስማኝ። ሰውዬው ከታች እያንኳኳ ይሆናል፤ ድምፁን የሚውጠው የእኛ ጄኔሬተር ነው። ሚስቱ እዚህ አጠገቤ ቆማለች። አጥፋውና ማታ ከፈለግህ አባርረኝ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያም እንደ ልማዱ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ጌታዬ፣ ዓይንማ ሰጥተኸናል። አሁን ጆሮ ስጠን።»

ጄኔሬተሩ ተንገጫግጮ ቆመ። በኋላ እንደታወቀው ያጠፋው አዘጋጁ አልነበረም፤ የጣቢያው መኪና ሾፌር ነበር።

ከዚያ የሆነውን ምሰሶ እስከ ዛሬ ሲያወራ ክንዱን ያሻል። በመጀመሪያ ከማዶ ያለው የብረታ ብረት ቤት መፍጫ ቆመ። ቀጥሎ የመኪና ጥሩምባ። ቀጥሎ ሞተሮቹ። ዝምታው ከፍርስራሹ ተነሥቶ ጎዳና ለጎዳና እየሰፋ የሄደ ይመስል ነበር። ያን ያህል ከተማ ማን ዝም በል አለው? ጠጉሩ ቆመ፤ የሆነ ነገር በሁሉም ላይ ያለፈ መሰለው።

ዱባ ጫማውን አውልቆ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በካልሲ እየዳኸ መጣ። ጆሮው ሥር ገብቶ አንሾካሾከ።

«ጋሼ፣ ማይክህ ክፍት ነው። በጋራው ሳጥን ማን ይዝጋልህ? ከጄኔሬተሩ ጀምሮ እስከ ጸሎቱ በሁሉም ጣቢያ ወጥተሃል።»

የጋራ ካሜራ ምላስ የለውም፤ ምሰሶ ግን ደንቡን በአገር ፊት አፍርሷል። ማይኩን ሊዘጋ እጁን ሲሰድ ዱባ ያዘው።

«ተወው። ሁሉም ጣቢያ ስቱዲዮ ያለውን ዜና አንባቢ ዝም አሰኝቷል። ሰዉ ሁሉ እያዳመጠ ነው።»

የምሰሶ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ ከቤቷ ያየችውን ኋላ ነግራዋለች። ድምፁን ስትሰማ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል አነሣች፤ አብረዋት የሚሰፉት ሴቶችም አነሡ። በራቸው ላይ የቆመ አውቶቡስ ሞተሩን አጠፋ፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው የእነሱን ቴሌቪዥን ያያሉ፤ አንድም የሚያስል የለም። አዘጋጁም ያን ማታ የመባረር ነገር አላነሣም፤ እናቱ ደውላ ልክ ልኩን እንደነገረችው ብቻ አጫወተው።

አንድ ቆፋሪ ከተኛበት ጣቱን ቀሰረ። ከሥር፣ ከሩቅ፣ ቀጭን የብረት ድምፅ መጣ። ኳ። ትንሽ ቆይቶ፣ ኳ ኳ። የለሳኙ ሚስት ተንበረከከች።

በእጃቸው ድንጋይ እየለቀሙ ቆፈሩ። ፀሐይ ዘንበል ስትል በኖራ የነጣ ክንድ ወጣ፤ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያ ትከሻው ታየ። ምሰሶ በደንቡ መሠረት ካሜራውን ዝቅ አድርጎ በአዳኞቹ እጅ ላይ አቆመው። በየቤቱ፣ በየካፌው፣ በየጣቢያው የሚታየው እነዚያ የቆሰሉ እጆች ብቻ ነበሩ። በሕይወት አለ ወይስ የለም ብሎ አገር ሙሉ ልቡ ተሰቅሎ ይጠብቃል፤ መልሱን የሚያዩት ከገመዱ ወዲያ ያሉት ብቻ ናቸው።

የለሳኙን ሚስት አሳለፏት። በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችለት፤ ኖራው ሲለቅ ዓይኑ ተገለጠ፤ አያት። እሷም አንዳች ነገር በጆሮው አለችው። ከዚያ ዞር ብላ ምሰሶን ፈለገችው።

«ወንድሜ፣ አሳየው» አለች። «እናቱ ሩቅ ናት። እሷም ትየው።»

ምሰሶ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ቀና አደረገው።