ቁም ሳጥን ውስጥ የደበቅሁት ጠብታ

እንቅርቴ አንገቴን ከማሳበጡ በፊት ልቤን ማስጋለብ ጀመረ። አምቦ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበርና አዲስ አበባ ለምታክመኝ ሐኪም የገዛ በሽታዬን አስረዳኋት፤ ትዕቢቴ ይህን ያህል ነበር። ያዘዘችልኝ ክኒን በሁለተኛው ወር ነጭ የደም ሴሎቼን ፈጃቸው። ጉሮሮዬ ቆሰለ፣ ትኩሳት ጣለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። ሐኪሟ "ይህንንም ሆነ ቢጤውን ዳግመኛ እንዳትቀምሺ፤ ይገድልሻል" አለችኝ። የቀረኝ ቀዶ ጥገና ብቻ ነው፤ እሱም ልቤ ሳይረጋ አይሞከርም።

ጠያቂው ጎረፈ። ከሁሉም ያንገሸገሹኝ ገበያ ላይ ጨው የሚቸረችሩት ጎረቤታችን ናቸው። በመጡ ቁጥር አንድ እሽግ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡና "አዮዲን ያለው ነው፣ ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። አዮዲን ለእኔ ዓይነቱ በሽታ እሳት ላይ ጭድ መጨመር መሆኑን ለእኚህ ማይም ሴትዮ ማን ያስረዳቸው! ለሚጠይቁኝ መምህራን እሽጎቹን እያሳየሁ አሥቃቸው ነበር።

ታዲያ ሐኪሟ ለቀዶ ጥገናው ማዘጋጃ ምን ብታዝልኝ ጥሩ ነው? የአዮዲን ጠብታ! ለዐሥር ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በውሃ። ለአጭር ጊዜ በብዛት ሲወሰድ የአንገቴን እጢ ያፍነዋል አለች። ወዲያው ሴትዮዋ "አላልኩሽም?" ሲሉኝ ታየኝ። ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅሁት። እሳቸው ደግሞ በሽተኛ ብቻውን አይተውም ብለው ገበያቸውን ትተው ከጠዋት እስከ ማታ ከአጠገቤ ንቅንቅ አይሉም። የጠዋቱንና የቀኑን ጠብታ ዘለልሁ፤ ሲሄዱ የማታውን ብቻ እጠጣለሁ። የተማረ ሰው ሥራ!

በቀጠሮዬ ቀን አዲስ አበባ ይዘውኝ የሄዱት እኚሁ ሴትዮ ናቸው። ሐኪሟ ልቤን አዳምጣ ተቆጣች። "ጠብታውን በትክክል አልወሰድሽም። እንዲህ ሆነሽ ብንቀድሽ ትሞቻለሽ" አለችና ጠብታውን እንደገና እንድጀምር አዝዛ ቀዶ ጥገናውን አራዘመችው። ምክንያቱን እዚያ መናገር አፈርሁ። ስንመለስ፣ ሚኒባሱ አዲስ ዓለምን ሲያልፍ፣ ለሴትዮዋ ሁሉንም፣ ጠርሙሱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መምጣቴን ሳይቀር፣ ተናዘዝሁ።

አልሣቁብኝም። "ጨው ያድንሻል ያልኩሽ መቼ ነው?" አሉ። "በሽተኛ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። እኔ ያለኝ ጨው ነው።"

ከዚያ ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጡና የውሃዬን ክዳን ከፈቱ።

"ስንት ጠብታ ነው?" አሉኝ።