ከማንም ያልተጣላው አባቴ

የመቋሚያ ጫፍ ድንጋይ ሲነካ በሰማሁ ቁጥር የልጅነቴ ንጋት ይመለስብኛል፤ አባቴ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን ተነስቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ መቋሚያውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም ነበር። በጾም የሚስተካከለው አልነበረም፤ ፊቱም ከኮሶ ይመር ስለነበር እኛ ልጆቹ ጽድቅ እንዲህ ኮስታራ ነው ብለን እናምን ነበር።

ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ በመጣው የመሬት ድልድል ቀበሌው ከአባቴ ማሳ ቆርሶ ባል ለሞተባት ታናሽ እህቱ፣ ለአክስቴ ዘነቡ ሰጣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ሰላምታ ነሳት። ክረምት ገብቶ የሣር ቤቷ ሲያፈስ፣ እሱ በደጇ እያለፈ ለዓለም ሁሉ ምሕረት ሊለምን ይሄድ ነበር። ጣሪያዋን የከደነላት ጎረቤታችን ሰይድ ነው፤ «አብሽሪ ዘነቡ» እያለ ሣሩን ከራሱ ማሳ ተሸክሞ አመጣላት። አባቴ ይህን አይቶ «አሁንስ እስላም ወንድም አገኘች!» ብሎ አሾፈ።

በመስከረም የጽዋ ማኅበሩ ተራ እኛ ቤት ደረሰ። የተጣላ ሰው ጽዋ አይቀምስምና የንስሐ አባታችን ጽዋው ከመነሳቱ በፊት «የተጣላ ካለ ይታረቅ» ይሉ ነበር። ይህን የምታውቀው አክስቴ፣ በዳይዋ እሷ የሆነች ይመስል፣ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ መጥታ ደጃፋችን ላይ ተንበረከከች።

«አያ፣ ስለ ማርያም ይቅር በለኝ። መሬቱንም ውሰደው፤ አንተን ካጣሁ ምን ይሠራልኛል?»

አባቴ ዓይኑን ከጽዋው ሳያነሳ፣ «እኔ ከማንም አልተጣላሁም፤ ይቺን ማን ከሰው ቆጥሮ ይጣላታል?» አለ። ቄሱም ጠላው የሚሆመጥጥባቸው ይመስል ቸኩለው ባረኩ። ድንጋዩን የሚያወርድላት ስላልተገኘ ራሷ አውርዳው ሄደች።

ውርጩ ሲበረታ ሳል ጣላትና ሳትታረቀው ሞተች። አባቴ በሬ አርዶ ተዝካር አወጣላት፤ አገሩም «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» እያለ በላ። እኔ ያን ሥጋ ተጸየፍኩት።

ያኔ አባቴን እፈራው ነበር፤ ዛሬ እንቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ለብሷል፣ መንገዱም ተጠርጓል፤ አባቴ ግን ጉልበቱ ከድቶት እስከ ደጀ ሰላሙ ደግፎ የሚያደርሰው ያው ሰይድ ነው። ባለፈው ፋሲካ አብሬያቸው ስሄድ፣ «አባባ፣ አክስቴን ታስባታለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

መቋሚያውን ድንጋዩ ላይ ቀጭ አድርጎ፣ «እኔ ከማንም አልተጣላሁም» አለኝ።

ሰይድም እንዳይወድቅ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘው።