ለአያ እግር የተሸጠው አውራ ዶሮ

በዚያ እሑድ ከእድራችን ድንኳን ሥር የነበርነው እነዚህ ነን። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ ሰፈሩ ሁሉ አያ የሚላቸው፣ ቀኝ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው። ባለቤታቸው፣ ጨረታውን ከእኔ ጋር ያሰናዳችው። የአዘዞ ሚኒባስ ረዳት፣ ለድምፁ ስንል አጫራች ያደረግነው። ቅዳሜ ገበያ ጎን ለጎን የሚነግዱት ማር ሻጭና እህል ሻጭ። የሁለቱም የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ። ትልቋ ልጄ። እኔ። ከዚያም ከጎንደር ቁስቋም ዳገት ሥር እስከ ላይኛው ሰፈር ያለ ሕዝብ፣ ገሚሱ ለመግዛት፣ ገሚሱ ማን ምን እንደሚገዛ ለማየት የመጣ። ከቆጠርሁ አይቀር ዶሮውም ነበረ። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቀይ፣ ትልቅ፣ ጅራቱ የሚያምር አውራ ዶሮ ነበር፤ ሰው እንደሚነክስ ግን ለማንም አልተናገርሁም።

ነገሩ የመጣው ከአያ እግር ነው። በጥምቀት ማግስት ቀሐ ወንዝ አጠገብ እርጥብ ድንጋይ አዳለጣቸውና ቀኝ እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላቸው፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ጠሞ ገጠመ። ከፋሲካ በፊት ያያቸው ሐኪም፣ አዲስ አበባ ሄደው ብረት ካልገባላቸው ይህ እግር ዳግመኛ እንደ ቀድሞው አይረግጥም አላቸው። ለሌላ ሰው ቢሆን ማንከስ ብቻ ነው። የአያ የስፌት መኪና ግን በእግር የምትረገጥ ናት። የሚረግጣት ከሌለ ጠረጴዛ ሆና ነው የምትቀረው።

ልጄ፣ «አያ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቢገዙስ?» አለቻቸው።

«መብራት ሲጠፋ አንቺ መጥተሽ በእጅሽ ትዘውሪልኛለሽ?» አሏት።

ሰፈሩ መጀመሪያ ያሰበው እንደ ልማዱ መንገድ ዳር ነጠላ አንጥፎ ለመለመን ነበር። አያ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ለእኔ ብላችሁ ነጠላ የምታነጥፉ ከሆነ መጀመሪያ ይህንን ደኅናውንም ስበሩልኝ» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው አልብሰው፣ በስተርጅና በተነጠፈ ጨርቅ ላይ ሳንቲም ሲወረወርላቸው ማየት አልፈለጉም። ስንለምናቸው ከርመን ጨረታ የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ግን ቁጣቸው በረደ። «ዕቃ ተሸጦ ከሆነ ንግድ ነው፤ በንግድ አላፍርም» አሉን።

እኔ የተማርሁት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ድግስም ሆነ ለቅሶ ሲመጣ ግን ሰፈሩ የሚጠራው እኔን ነው፣ ስለምጨነቅ። የሚጨነቅ ሰው አይረሳም። መጀመሪያ ቀኑን መረጥሁ። ጾም ላይ ዶሮ የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይሁን አልሁ። ዝናብ ቢመጣስ ብዬ ድንኳን አስጠየቅሁ። ነፋስ ቢመጣስ ብዬ ድንኳኑን የሚይዝ ድንጋይ አስለቀምሁ። አግዳሚው ቢሰበርስ፣ ዋጋ ጠርቶ የሚሰወር ሰው ቢኖርስ፣ ሰው ሁሉ መጥቶ ማንም አፉን ባይከፍትስ እያልሁ ስንቆራጠጥ ልጄ፣ «እማዬ፣ የምትጨነቂበት ሲያልቅብሽ ንገሪኝ፣ ከጎረቤት እንለምንልሻለን» አለችኝ።

ዋናውን ብልሃት ያመጣችው የአያ ባለቤት ናት። እኔ ቤት ለቤት እየዞርሁ ሞሰብ፣ ጃንጥላ፣ የሚለበስ የደባርቅ የሱፍ ባና፣ ማር ስለቅም አይታ፣ «አንቺ፣ ዕቃ ፍለጋ አትድከሚ። ሁለት የተኳረፉ ሀብታሞች ፈልጊልኝ» አለችኝ።

መፈለግም አላስፈለገንም። ማር ሻጩና እህል ሻጩ ባለፈው ክረምት ነበር የተኳረፉት። ማር ሻጩ ከሱቁ ፊት ቆርቆሮ ሲያወጣ ጠፈጠፉ የሌላውን የጤፍ ጆንያ አራሰው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጫማ ሲገዛ ሌላውም ይገዛል፤ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ሲሰጥ ሌላው መጋረጃ ይሰጣል። ሰላምታ ግን የለም። እኔና እሷ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚዎቹን ስናስተካክል ሁለቱን ፊት ለፊት አደረግናቸው፤ አንዱ ቀና ባለ ቁጥር ሌላውን እንዲያይ። ይህን ስናደርግ እንደ ልጃገረድ ነበር የምንስቀው።

ቤት ስገባ ግን ጭንቀቴ ተነሣ። ሁለቱም ዱላ የሚይዙ ሰዎች ናቸው። በጨረታ ተያይዘው ቢፈነካከቱ የአያ እግር መድኃኒት ሌላ ስብራት ሊያመጣ ነው። ስለዚህ ለማንም ሳልነግር ዓርብ ዕለት ወደ ነፍስ አባታቸው ሄድሁ። «አባ፣ እሑድ እንዳይጣሉ አንድ ቃል ይናገሩልኝ» አልኋቸው። እጄን በመስቀላቸው ባርከው፣ «ሸጋ ነገር አሰብሽ ልጄ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስሁ።

እሑድ ሰው ድንኳኑን ሞላው። የአያ ባለቤት ከጎኔ ቆማ በሩን ታያለች። ከዚያ ማር ሻጩና እህል ሻጩ ከቄሱ ኋላ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተቃቅፈው ገቡ። ፊት ለፊት ያስቀመጥናቸውንም ቦታ ትተው አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ።

ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ምነው፣ እነዚህን ምን ነካቸው?»

«አባን... ዱላ እንዳይማዘዙ ብዬ...»

«ዱላስ አይማዘዙም። ጨረታውን ገደልሽው እኮ።»

ቄሱ ከሩቅ አይተውኝ በፈገግታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥራቸውን በደንብ እንደ ሠሩ እየነገሩኝ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ አመሰገንሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ረዳቱ ጀመረ። የለመደው ሰው መጫን ስለሆነ ሞሰቡን ከፍ አድርጎ፣ «አንድ ሰው ቀረ፣ አንድ ሰው፣ ሊሞላ ነው» እያለ ይጣራል። ሰዉ ሳቀ፤ ሞሰቡ እንደ ነገሩ ተሸጠ። ባናው ሲወጣ እህል ሻጩ ዋጋ ጠራ። ሁላችንም ወደ ማር ሻጩ ዞርን።

«እሱ ከወደደው ለእሱ ይሁን» አለ ማር ሻጩ።

«የለም፣ አንተ ከፈለግኸው እተዋለሁ» አለ እህል ሻጩ።

«ኧረ በፍጹም። ያንተ ነው ወንድሜ።»

ተሳስመው ባናው በአንድ ቃል አለቀ። የተሸጠበት ዋጋ የሱፉን እንኳ አያክልም። የባሰው ደግሞ የቀረው ሕዝብም ጨዋ ሆነ። ትልልቆቹ እንዲህ ከተባባሉ በሰው አፍ ላይ ዋጋ መጨመር ነውር መሰለው። ጃንጥላው የወጣ ጊዜ አንዱ ጠራ፤ ሌላው፣ «ለአንተ ይሁን ጌታው» አለ። ማሩ ሲወጣም እንደዚያው። ይሉኝታ ድንኳኑን ያዘው። ረዳቱ፣ «ኧረ ወገን፣ ቢያንስ እስከ አዘዞ ድረስ እንኳ ሂዱ» ብሎ ለመነ፤ የሚሰማው አልነበረም።

አያ እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው ከበርጩማው አወረዱና ምርኩዛቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«የት ነው አያ?» አለቻቸው ልጄ።

«ወደ ቤት። ንግዱን አየሁት» አሉ። እየሳቁ ነው የተናገሩት፤ ነገር ግን እጃቸው ምርኩዙን ሁለት ጊዜ ሳተው። የቀረን የእኔ ዶሮ ብቻ ነበር።

ከዶሮው በፊት ሻይ ይጠጣ ተባለና እረፍት ሆነ። ሻዩን የእድሩ ሴቶች እየቀዱ ይሸጡ ነበር። ሁለቱ የታረቁት ሰዎች አንድ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ሊከፍሉ ተነሡ። ማር ሻጩ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ እህል ሻጩ ክንዱን ያዘው። «ሞቼ እገኛለሁ» አለ። ማር ሻጩም በሌላው እጁ የእህል ሻጩን እጅ ያዘ። «አፈር ስሆን፣ በእኔ ነው።» ተጓተቱ፣ ተገፋፉ፤ የሻይ ማስቀመጫው ተነቃነቀ፤ የእህል ሻጩ የኮት ኪስ ተተረተረ። አያ ተቀምጠው፣ «ቀስ በሉ፣ ለኪሱ ሰፊ የላችሁም» አሉ።

እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት ፒያሳ ምግብ ቤት አብሳይ ሆኜ ነው። ይህን ትግል ስንት ዓመት በማዕድ ቤቱ መስኮት አይቻለሁ። ወንድ ልጅ ለራሱ አንድ ጭልፋ ወጥ ለማስጨመር ሳንቲም ይቆጥራል፤ የወዳጁን ሒሳብ ለመክፈል ግን ሸሚዙን ያስቀድዳል። ያን ጊዜ በራሴ ውስጥ አንድ ነገር በራ። ረዳቱን ከድንኳኑ ጀርባ ጠርቼ በጆሮው ነገርሁት።

ትንሽ አየኝ። «እትዬ፣ ይህን ከማን ነው የተማሩት?»

«ከምግብ ቤት» አልሁት።

ዶሮውን እግሩን አስሮ ብድግ አደረገው። «እንግዲህ ስሙኝ» አለ። «ይህ ዶሮ ለራስ አይገዛም። ለራሱ የሚገዛ ሰው ካለ ሌላ መኪና ይጠብቅ። ይህን የሚገዛው ለወዳጁ በስጦታ የሚሰጥ ብቻ ነው። ወዳጁን የሚወድ ማን ነው?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ማር ሻጩ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ለወንድሜ» ብሎ ደኅና ዋጋ ጠራ።

እህል ሻጩ ከት ብሎ ሳቀ። «እኔ ቁጭ ብዬ? ጨምርልኝ፣ ለእሱ።»

«ተው፣ ታላቄ ነህ፣ እኔ ነኝ የምሰጥህ። ጨምር።»

«ታላቅ ከሆንሁ ሰጪው እኔ ነኝ። ጨምር።»

«ዛሬ በታረቅን ቀን እምቢ ትለኛለህ?»

«አንተስ እምቢ ትለኛለህ? ጨምር አልሁ።»

ዶሮው የበግ ዋጋ አለፈ። ያን ጊዜ ሌላውም ሕዝብ ይሉኝታው በሌላ በኩል ያዘው። ከኋላ አንድ ሰው ለአማቱ ብሎ ጠራ፤ አማቱ እዚያው ስለነበሩ ሌላዋን ልጃቸውን ያገባው ሰው ዝም ማለት አልቻለም፣ እሱም ጨመረ። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷም መልሳ ለእሷ። ረዳቱ ላብ አጠመቀው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ግራው ይጮህበታል። ዶሮው ተናዶ እጁን ሲነክሰው እንኳ አልለቀቀውም።

ቄሱ ወደ እኔ ተጠግተው፣ «ልጄ፣ እኔ ያስታረቅኋቸውን አንቺ በፍቅር ልታጣያቸው ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አባ፣ ዱላ አልያዙም» አልኋቸው። እውነቴን ነው፤ ዱላቸውን አይቼ ከድንኳኑ ውጭ አስደግፌው ነበር።

በመጨረሻ ማር ሻጩ አሸነፈ። ከፈለና ዶሮውን እህል ሻጩን አስታቀፈው። በእኛ ዘንድ ደግሞ እንዲህ ባለ ጨረታ ዕቃ የደረሰው ሰው «እንደገና ይጫረት» ብሎ መመለስ ይችላል። እህል ሻጩ ዶሮውን ወደ ረዳቱ መለሰ። «እንደገና ይጫረት። አሁን እኔ ለእሱ ካልገዛሁ ከዚህ አልነሣም» አለ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የበለጠ ሞቀ። ሲያልቅ ከሁለቱ ዙር የተገኘው ሁሉ በአንድ ላይ አንድ ደኅና በሬ ያወጣል።

አያ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ይህ ሁሉ ለእኔ እግር ነው ወይስ ለዶሮው እግር?» አሉ። ባለቤታቸው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዞር አለች። የምትስቅ መስሎኝ ትከሻዋን ብነካት እንባዋ ይወርዳል። «በቃ፣ ሞልቷል» አለችኝ። ለሐኪሙም ለመንገዱም የሚበቃ ሆኖ ነበር።

ዶሮው የደረሰው ማር ሻጩን ነው። በሳምንቱ ገበያ ሳገኘው አንድ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎታል። ዓይኔን እያየ፣ «ሸጋ ዶሮ ነው» አለኝ። «ስምህን ያስጠራልሃል» አልሁት። ማር ሲመዝንልኝ እንደ ወትሮው መርቆ አልጨመረልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከጎኑ ያለው እህል ሻጭ ግን እስኪታጠፍ ሳቀ። ቆርቆሮውም በዚያው ሰሞን ወደ ውስጥ ተቆርጦ ነበር።

አያና ባለቤታቸው የሄዱት ጳጉሜ ሳይገባ ነው። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ለመንገድ ዳቦ ቋጠርሁላቸው፣ ትራስ ሰጠኋቸው፣ ለሹፌሩም ቀስ ብሎ እንዲነዳ ነገርሁት፤ «እማማ፣ እኔም እናት አለችኝ» አለኝ። ከደረሱ በኋላ አንድ ጊዜ ደውለውልኛል። ብረቱ ገብቷል፣ ለጊዜው የሚያርፉት ከባለቤታቸው እህት ዘንድ ነው፣ ሐኪሙ ገና እንዳይረግጡበት ከልክሏቸዋል አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የእኛም ኔትወርክ ተቋርጦ ነበር፤ ሲመለስ የእነሱ ስልክ አይሠራም። አንዱ ጎረቤት ቤት ቀይረዋል ይላል፤ ሌላው መርካቶ አካባቢ በምርኩዝ ሲሄዱ አየኋቸው ይላል፤ በየትኛው እግራቸው ይረግጡ እንደነበር ስጠይቀው ግን አላስተዋልሁም አለኝ።

ይህን የሚያነብ ሰው አዲስ አበባ ካለ፣ ከጎንደር ከቁስቋም ሰፈር የሄዱ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከኮታቸው ደረት ላይ መርፌ የማይጠፋ ልብስ ሰፊ ካጋጠመው፣ እባካችሁ ቀኝ እግራቸው ይረግጥ እንደሆነ አይታችሁ ላኩብኝ።