የዘገየ መርዶ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። እናቴ ቢቸና ሞታ፣ ተቀብራ፣ ሠልስቷ ወጥቶ፣ አንድ ሰው እንኳ አልነገረኝም። አገር ምድሩ ያውቃል፤ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ የሰማይ ወሬ እጠብቃለሁ።

ሥራዬ ይኸው ነበር። በጣም ሩቅ ያለ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት አንዳንዴ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ይከሰታል። በሰከንዶች ያልቃል። ሳተላይት ያየውና ወዲያው በየአገሩ ላለን ተመልካቾች ስልካችን ላይ መልእክት ይልክልናል። ከዚያ ሩጫ ነው። የሚቀረውን ጭላንጭል አንዱ በኤክስሬይ፣ አንዱ በዓይን በሚታየው ብርሃን፣ ሌላው በሬዲዮ ይከታተለዋል። እኔ ተረኛ ስሆን ከቢሮዬ በኢንተርኔት የሌላ አህጉር ቴሌስኮፕ አዛለሁ፤ እኛ ጋ ሲነጋ እነሱ ጋ ገና ጨለማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካመለጡ አመለጡ።

አንድ ጠዋት በተራዬ ፍንዳታ መጣ፤ ደረስኩበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲደበዝዝ ስለካው ከረምኩ። ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። በመጨረሻ ታላቅ ወንድሜ ከሞጣ ደወለ።

«እማ ትንሽ አሟት እኔ ጋ ናት። ቢቸና እንዳትወርድ፤ በቀጥታ ሞጣ ና።»

አውቶቡሱ ቢቸና ሲቆም በመስኮት ብርቱካን ገዛሁላት። ከመንገዱ ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ይታያሉ። እሷ እዚያ ተቀብራለች፤ እኔ የበሰለ የበሰለውን እመርጥላታለሁ።

ሞጣ በገባሁ በነጋታው፣ ማለዳ፣ የንስሐ አባታችንና አክስቴ ጎረቤቱን አስከትለው ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። መናገር አላስፈለጋቸውም።

ካለቀስኩ በኋላ ንዴቱ መጣ። በለቀስተኛው ፊት ወንድሜ ላይ ጮኽኩበት።

«ኮከብ ሲሞት በደቂቃ ይነግሩኛል! አንተ የእናቴን ሞት ሦስት ሳምንት ትደብቀኛለህ?»

«ተው ልጄ፣» አሉ አክስቴ። «ሥራ ላይ ነው፣ ብቻውን ደንግጦ አንድ ነገር እንዳይሆን ብለን ነው። ወጉስ ይኸው አይደል?»

«ገደል ይግባ ወጉ!» አልኩ። አክስቴን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

ወንድሜ ከኪሱ የእናቴን ስልክ አውጥቶ ሰጠኝ። መጨረሻ የደወለችው ወደ እኔ ቁጥር ነው። ቀኑንና ሰዓቱን አየሁት። ያ ጠዋት ነው። ቴሌስኮፑን ሳዝ ስሟ ስልኬ ላይ ሲበራ «ቆይ፣ በኋላ» ብዬ ዘግቼባት ነበር።

«ድምፁን ልስማው ብላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አረፈች፣» አለ ወንድሜ። «እኔ ደውየ መርዶ አልነግርህም ብየ ነበር። ስልኳን ግን ሳልዘጋው፣ ቻርጅ እያደረግሁ ይዤው ከረምኩ። ወደ እሷ ከደወልህ ልነግርህ።»

አንድም ቀን አልደወልኩም።